አቶም 8 ኤሌክትሮን «ይፈልጋል» ወይ? የአንባቢያን የኬሚስትሪ ጥያቄዎች

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ዘጠኙን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎቻችን የተደናገሩት ትምህርቱ ስለከበዳቸው አይደለም፤ ለማቅለል ተብሎ የተነገራቸው አባባል ቁጥር ላይ ሲደርስ ስለከዳቸው ነው። ስለዚህ መልሶቻችን ቁጥር ይበዛባቸዋል፤ ካልኩሌተር አጠገብዎ ቢኖር አይከፋም።

ጥያቄ፦ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ፣ ክሎሪን ተቀብሎ፣ ሁለቱም ዳራቸው 8 ስለሚሞላ ይረጋጋሉ ተብለን ተምረናል። በሌላ ምዕራፍ ግን ከሶዲየም ላይ ኤሌክትሮን ለመንቀል ኃይል እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ኃይል ተከፍሎበት የሚገኝ መረጋጋት ምን ዓይነት መረጋጋት ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን አለው፤ በውስጠኛው ሼል (ኤሌክትሮኖች የሚቀመጡበት ንብርብር) 2፣ በቀጣዩ 8፣ በዳር 1። ያችን የዳር ኤሌክትሮን ከአንድ ሞል የሶዲየም ጋዝ ላይ ለመንቀል 496 ኪሎጁል ይጠይቃል። (ሞል የብዛት ስም ነው፤ ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ ሞል 6.022 × 10²³ ነው።) ክሎሪን፣ 2፣ 8፣ 7 ሆኖ የተደረደረው፣ ኤሌክትሮኑን ሲቀበል የሚለቀው 349 ኪሎጁል ብቻ ነው። ሂሳቡ እዚህ ላይ ቢዘጋ 147 ኪሎጁል ኪሳራ ነው። ተራርቀው ለቆሙ ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮን መቀባበል አያዋጣቸውም ማለት ነው፤ «8 ስለሚፈልጉ» የሚለው ማብራሪያ ይህን ኪሳራ ይደብቃል።

ኪሳራውን የሚሸፍነው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ፖዘቲቭ የሆነው የሶዲየም አየንና ኔጌቲቭ የሆነው የክሎራይድ አየን (አየን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ ቻርጅ ያገኘ አቶም ነው) ተሳስበው ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎራይድ፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በ6 ሶዲየም ይከበባል። ይህ ድርድር ሲሠራ በሞል 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። ሙሉ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ወጪ፦ ጠጣሩን ሶዲየም ወደ ጋዝ ለመለወጥ 107፣ ጥንድ የሆኑትን የክሎሪን አቶሞች ለመለያየት 121፣ ኤሌክትሮኑን ለመንቀል 496፤ ድምሩ 724። ገቢ፦ 349 ሲደመር 787፣ ይኸውም 1136። ትርፉ 412 ኪሎጁል ይሆናል። በቀጥታ ተለክቶ የተገኘው 411 ነው፤ የአንዷ ልዩነት ቁጥሮቹን ስናጠጋጋ የመጣች ናት።

ከዚሁ ሂሳብ ሌላም ነገር ይወጣል። ሶዲየም ለምን ሁለት ኤሌክትሮን አይሰጥም? ሁለተኛውን ለመንቀል 4562 ኪሎጁል ስለሚያስፈልግ ነው፤ ያንን የሚከፍል ድርድር የለም። የገበታ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠይቀውም፣ በመዶሻ ሲመታ ከመጣመም ይልቅ የሚሰነጠቀውም በድርድሩ ምክንያት ነው፤ ምቱ አንዱን ንጣፍ ትንሽ ሲያንሸራትተው ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው አየኖች ፊት ለፊት ይገጥሙና ይገፋፋሉ።

የ8ን ደንብ አይጣሉት፤ ለመገመት ይረዳል። ብቻ እንደ ሕግ አይያዙት። በቦሮን ትራይፍሎራይድ ውስጥ ቦሮን ዙሪያውን ያለው 6 ኤሌክትሮን ነው፤ በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ውስጥ ሰልፈር 12 ይቆጠርለታል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ የዳር ኤሌክትሮኖቹ ድምር 11 ስለሆነ ቢከፋፈሉም ቢደራረቡም ለሁለቱም አቶሞች 8 አይደርስም።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ሼል 18 ኤሌክትሮን ይይዛል ከተባለ፣ ፖታሲየም ለምን 2፣ 8፣ 9 ሳይሆን 2፣ 8፣ 8፣ 1 ይጻፋል?

መልስ፦ 18 የመያዝ አቅሙ ነው፤ የአሞላሉ ተራ የሚወሰነው ግን በኃይል ዝቅተኛነት ነው። ለፖታሲየም 19ኛ ኤሌክትሮን አራተኛው ሼል ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ንዑስ ሼል በሦስተኛው ሼል ከቀረው ባዶ ቦታ ይልቅ ዝቅ ያለ ኃይል አለው። ሦስተኛው ሼል እንደገና መሞላት የሚጀምረው ከካልሲየም ቀጥሎ በስካንዲየም ነው።

ጥያቄ፦ የክሎሪን አቶሚክ ክብደት 35.45 ነው። ግማሽ ኒውትሮን አለ ማለት ነው?

መልስ፦ የለም። 35.45 የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም። በተፈጥሮ ያለው ክሎሪን የሁለት አይሶቶፖች፣ ማለትም በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች፣ ቅይጥ ነው፤ ወደ 75.8 በመቶው 18 ኒውትሮን ያለው ክሎሪን-35፣ ወደ 24.2 በመቶው 20 ኒውትሮን ያለው ክሎሪን-37 ነው። አማካዩን ሲያወጡ 35ን በ0.758፣ 37ን በ0.242 አባዝተው ቢደምሩ 35.48 ያገኛሉ፤ ከሰንጠረዡ ትንሽ ይበልጣል። ምክንያቱም 35 እና 37 የቅንጣት ቆጠራ እንጂ ትክክለኛ ክብደት አይደሉም፤ ትክክለኛዎቹ 34.97 እና 36.97 ናቸው። በእነዚህ ሲያሰሉ 35.45 ላይ ያርፋሉ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ነው። እንደዚያ ቢሠራ 36 ይመጣል፤ ይህ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ አይሶቶፖች እኩል ቢበዙ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ሲፈላ የሚወጡት አረፋዎች ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ናቸው? ካልሆኑ፣ «የሃይድሮጅን ቦንድ ይበጠሳል» የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ አይደሉም። ድስቱ ገና ሲሞቅ ግድግዳው ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው፤ ውሃ ሲሞቅ አየር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሲንተከተክ ከሥር የሚነሱት ትልልቆቹ የውሃ እንፋሎት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሳይነካ እንዳለ «ኤች ቱ ኦ» ነው።

ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንን ከሃይድሮጅን ጋር የያዘው ኤሌክትሮን በመጋራት የተፈጠረ ኮቫለንት ቦንድ ነው፤ ለመበጠስ በሞል ወደ 463 ኪሎጁል ይፈልጋል። የሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው ግን በአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅንና በጎረቤቱ ሞለኪውል ኦክስጅን መካከል ያለው መሳሳብ ነው። ኦክስጅን የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ሃይድሮጅኑ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናል፤ መሳሳቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥንካሬው ወደ 20 ኪሎጁል ገደማ ነው። ምድጃ የሚበጥሰው ይህንን ደካማውን ነው። እንፋሎት ከ2000 ዲግሪ በላይ ቢሞቅ እንኳ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚፈርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ደካማ ስንል ግን ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ሜቴን የሞለኪውል ክብደቱ 16፣ የውሃ 18 ነው፤ ተቀራራቢ ናቸው። ሜቴን የሚፈላው ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ላይ ሲሆን ውሃ ግን 100 ላይ ነው። ይህን የ261 ዲግሪ ርቀት በዋነኝነት የፈጠረው የሃይድሮጅን ቦንድ ነው።

ሃይድሮጅንና ኦክስጅኑን ማየት ከፈለጉ መንገዱ ኤሌክትሪክ ነው። ቢያንስ 1.23 ቮልት ያስፈልጋል፤ በተግባር ከ6 እስከ 9 ቮልት ያለው ባትሪ ይመቻል። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟበት። የገበታ ጨው አይጨምሩ፤ በፖዘቲቩ በኩል ኦክስጅን በመውጣት ፈንታ መርዛማው ክሎሪን ይወጣል። በኔጌቲቩ በኩል የሚሰበሰበው ጋዝ በመጠን የሌላኛው እጥፍ መሆኑን ያያሉ።

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ክፍል «ቦንድ ሲበጠስ ኃይል ይለቀቃል» እንባላለን፤ በኬሚስትሪ ክፍል ደግሞ «ቦንድ ለመበጠስ ኃይል ይከፈላል»። ማንን እንመን?

መልስ፦ ኬሚስትሪውን። ቦንድ መበጠስ ሁልጊዜ ወጪ ነው፤ ቦንድ መፍጠር ሁልጊዜ ገቢ። ባዮሎጂው የሚናገረው የጠቅላላውን ሂደት ትርፍ ነው፤ በመሐል አዲስ የተፈጠሩትን ጠንካራ ቦንዶች ሳይጠቅስ ያልፋል።

ሃይድሮጅን በኦክስጅን ሲቃጠል እንመልከት፤ 2 የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከ1 የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተዋህደው 2 የውሃ ሞለኪውል ይሆናሉ። የሚበጠሰው ሁለት የሃይድሮጅን-ሃይድሮጅን ቦንድ፣ እያንዳንዱ 436፣ እና አንድ የኦክስጅን ድርብ ቦንድ፣ 498 ነው፤ ወጪው 1370 ኪሎጁል። የሚፈጠረው አራት የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቦንድ ነው፤ 4 × 463 = 1852። ትርፉ 482 ኪሎጁል ነው፤ ለአንድ ሞል የውሃ እንፋሎት 241 ይደርሳል። ፈንጂ የሚያደርገው ይህ ትርፍ ነው። ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው ለወራት ጸጥ ብለው የሚቀመጡት ደግሞ በወጪው ምክንያት ነው፤ ለመጀመር ያህል አንዲት ብልጭታ መክፈል አለባት።

ጥያቄ፦ የቡቴንን መቃጠል ባላንስ ማድረግ አቃተኝ። በመጨረሻ ኦክስጅኑ ሁልጊዜ ግማሽ ይተርፈኛል።

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ አንድ እርምጃ ሲቀርዎት ነው ያቆሙት። የቡቴን ሞለኪውል 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። በካርቦን ይጀምሩ፤ 4 ካርቦን ስላለ በቀኝ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጻፉ። ቀጥሎ ሃይድሮጅን፤ 10 ሃይድሮጅን 5 ውሃ ይሠራል። ለብቻው የሚቆመውን ኦክስጅን ምንጊዜም ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እሱን ቢነኩት ሌላውን አያዛባም። በቀኝ በኩል 8 እና 5፣ ድምሩ 13 የኦክስጅን አቶም አለ። ኦክስጅን በጥንድ ስለሚመጣ 6 ተኩል ሞለኪውል ይሆናል። አሁን ሁሉንም በ2 ያባዙ፤ 2 ቡቴን፣ 13 ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 10 ውሃ። ማረጋገጫው፦ ካርቦን 8 በ8፣ ሃይድሮጅን 20 በ20፣ ኦክስጅን 26 በ26።

ግማሿን ለማጥፋት ብለው ከቀመሩ ግርጌ ያለችውን ትንሿን ቁጥር መለወጥ ግን አይቻልም። ፊት ያለው ቁጥር ስንት ሞለኪውል እንዳለ ይናገራል፤ ግርጌ ያለችው ምን ዓይነት ሞለኪውል እንደሆነ። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ቢጨምሩ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሆነ፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አንድ ቢቀንሱ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆነ። ይህ ሁለተኛው በወረቀት ላይ ብቻ የሚፈጠር ስህተት አይደለም፤ ለ2 ቡቴን 13 የነበረው ኦክስጅን ወደ 9 ሲወርድ የሚበቃው 8 ካርቦን ሞኖክሳይድና 10 ውሃ ለመሥራት ነው። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባሉ ወደ ቢጫ ሲለወጥና ጥላሸት ሲተው እየነገረን ያለው ይህንኑ የኦክስጅን እጥረት ነው።

ጥያቄ፦ በቤተ ሙከራ 0.48 ግራም የማግኒዝየም ሪባን በክሩሲብል (እሳት በሚችል ባለ ክዳን ትንሽ ዕቃ) አቃጠልን። 0.80 ግራም ኦክሳይድ ስንጠብቅ 0.71 ወጣ። ጎረቤት ቡድን ደግሞ 0.83 አገኘ። የመጠነ ቁስ አለመጥፋት ሕግ ተሻረ?

መልስ፦ ሕጉ ደህና ነው፤ ክዳኑን ነው የምንጠረጥረው። ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ 24.3 ግራም ማግኒዝየም 16 ግራም ኦክስጅን ይዞ 40.3 ግራም ይሆናል፤ 0.48 ግራም ስለዚህ 0.80 ይሰጣል።

0.71 ለሚሆነው ሦስት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ነጭ ጭሱ ነው፤ እሱ ራሱ የምትመዝኑት ማግኒዝየም ኦክሳይድ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት አብሮ ሄደ። ሁለተኛው፣ ሪባኑ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ ከሆነ መሐሉ ሳይቃጠል ቀርቷል፤ አመዱን በብረት ዘንግ ነካ ስታደርጉት ግራጫ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ካያችሁ ይኸው ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ማግኒዝየም ሲጋጋል አየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ጋርም ይዋሃዳል። 3 ማግኒዝየም 3 ኦክስጅን ሲይዝ የሚጨምረው ክብደት 48 ነው፤ ያው 3 ማግኒዝየም 2 ናይትሮጅን ሲይዝ ግን የሚጨምረው 28 ብቻ ነው። 0.48 ግራሙ ሁሉ ናይትራይድ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ 0.66 ላይ ይቆም ነበር።

በድጋሚ ስትሠሩት፣ መጀመሪያ ባዶውን ክሩሲብል ከነክዳኑ 5 ደቂቃ አግሉና ሲቀዘቅዝ መዝኑ። ሪባኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፤ ላዩ ላይ የቆየው ኦክሳይድ እንደ ብረት ተመዝኖ ውጤቱን ያሳንሳል። ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። በብርቱ ነበልባል አግሉ፤ በየሁለት ደቂቃው የክዳኑን አንድ ጠርዝ በመቆንጠጫ ለአፍታ ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ጭስ ብቅ ሲል ወዲያው ዝጉ። ጠርዙ ሲነሳ ፍሙ መድመቁን ካቆመ ክዳኑን አንስታችሁ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ካቀዘቀዛችሁ በኋላ ከ5 እስከ 10 ጠብታ ውሃ አንጠባጥቡ፤ ናይትራይድ ካለ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፣ አሞኒያም ይወጣል። እጃችሁን አራግባችሁ በሩቁ ብታሸቱ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ይደርሳችኋል። ከዚያ መጀመሪያ በቀስታ፣ ውሃው ደርቆ መርጨቱን ሲያቆም በብርቱ 10 ደቂቃ አግሉ። አቀዝቅዙ፣ መዝኑ፣ እንደገና አግሉ፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛኖች እኩል እስኪሆኑ ድረስ።

0.83 ያገኙት ምናልባት ይህችን የመጨረሻዋን ማድረቂያ አሳጥረዋል፤ ያልፈረሰ ሃይድሮክሳይድ ውሃውን ይዞ ይመዘናል። ከሥር ጥላሸት ካለም ነበልባሉ ቢጫ ነበር፤ ጥላሸቱም ክብደት አለው። የሚዛናችሁንም ነገር አስቡበት፤ የምትለኩት ጭማሪ 0.32 ግራም ነው፤ 0.01 ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን በአንዲት ቁጥር ቢዘል 3 በመቶ ስህተት ነው። 0.001 የሚለይ ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ነበልባሉን በቀጥታ አትዩ፤ ዓይን የሚጎዳ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይወጣዋል። እሳቱ ከእጅ ቢወጣ ውሃም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አይሠራም፤ ማግኒዝየም ከሁለቱም ኦክስጅን እየነጠቀ ይቃጠላል። ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ ይኑር።

ጥያቄ፦ ለልጆች የፊኛ ሙከራ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ እቀላቅላለሁ። ሶዳውን እጥፍ ባደርግም ፊኛው አይጨምርም። ለምን?

መልስ፦ አቼቶው ስላለቀ። 5 በመቶ የሆነ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ውስጥ ወደ 5 ግራም አሴቲክ አሲድ አለ፤ ለ60 ሲካፈል 0.083 ሞል ነው። አሲዱና ሶዳው አንድ ለአንድ ይዋሃዳሉ፤ የሶዳው ሞል 84 ግራም ስለሚመዝን የሚበቃው 7 ግራም ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ። 14 ግራም ቢጨምሩ 7ቱ ሥራ ፈትቶ ይቀራል። አቼቶ ቢያክሉበት እንደገና ይፈላል።

ጋዙ 0.083 ሞል ነው፤ በክፍል ሙቀት አንዱ ሞል ወደ 24 ሊትር ስለሚይዝ 2 ሊትር ይሆናል። ጥቂቱ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ ከፊኛው አፍ የሚያመልጥም አለ። ጠርሙሱን ሲነኩት መቀዝቀዙን ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ ይህ ሪአክሽን ሙቀት ይወስዳል። በፊኛ ፋንታ ክዳን መግጠም ግን አይሞከር፤ 2 ሊትር ጋዝ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ባዶ ቦታ ውስጥ ሲታፈን ግፊቱ ከአየር ግፊት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ብርጭቆ ከሆነ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ አቼቶም በረኪናም ያጸዳሉ። ሁለቱ ቢቀላቀሉ የበለጠ አያጸዱም?

መልስ፦ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። በረኪና ውስጥ ሶዲየም ሃይፖክሎራይትና ክሎራይድ አብረው አሉ፤ በረኪናው ቤዝ እንደሆነ እስከቆየ ድረስ ተቻችለው ይኖራሉ። አሲድ ሲገባ ሁለቱ ይዋሃዱና ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የመጸዳጃ ማጽጃ አሲዶችም እንደዚያው ናቸው። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከተቀላቀለ ሌላ ነገር በላዩ ጨምረው ለማርከስ አይሞክሩ፤ ትንፋሽዎን ይዘው ይውጡ፣ በመንገድዎ ላይ ያለውን በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አይመለሱ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ልጆችንና እንስሳትን አስቀድመው ያውጡ። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ከገጠመ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል።